የሁለት ምንሽር ጉሮሮ

ባለፈው ሳምንት የቤቴን ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝና ሌላ ላስቀርጽ አቃቂ በሰቃ ድረስ ወረድኩ። አሁን በምንኖርበት ቱሉ ዲምቱ ቁልፍ ቀራጭ ጠፍቶ አይደለም። እኛ ብሎክ ሥር አንድ ጎልማሳ ማሽን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ጭርር አድርጎ ሻይ ሳትጠጡ ይሰጣችኋል። ችግሩ የሱ ቁልፍ ሳይውል ሳያድር በሩ ውስጥ ይሰበራል። ስለዚህ ሚኒባስ እየለዋወጥኩ፣ ወገቤን ይዤ፣ የድሮ ሰፈራችን ሄድኩ። ከገበያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰውየው የናሷን ቁራጭ ሞርሳ ላይ አሰረና በሞረድ ይፍቃት ጀመር። ቢጫው ብናኝ ጉልበቱ ላይ ይረግፋል። ያን ጊዜ ነው ሽታው የመጣው፤ የሞቀ ናስና የግሪስ ሽታ። ሳላስበው ዓይኔን ጨፈንኩ። «እማማ፣ አሞዎት እንዴ? ወንበር ላምጣ?» አለኝ። «አላመመኝም፣ የባሌ ሽታ ነው» አልኩት። ግራ ገብቶት ወደ ሞረዱ ተመለሰ። ምን ያድርግ፣ ሴት ስለ ባሏ ሽታ ስታወራ ሽቶ ትላለች ብሎ ይጠብቃል እንጂ ናስ ትላለች ብሎ አይጠብቅም።

ባሌ ታደሰ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር፤ ብረት እያሽከረከረ በሚፍቀው ማሽን ማለቴ ነው። ዛሬ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ውሃ መጣ አልመጣ እያለ ከቧንቧ ጋር የሚጣላ ጡረተኛ ሆኗል፤ ጆሮውንም ቶርኖው የወሰደውን ወስዶ በቀረው ነው የሚሰማው። ያኔ ግን በሰቃ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን በከፈቱት ጋራዥ ይሠራ ነበር። ያኔ የምለውን በዓመተ ምሕረት አትጠይቁኝ፤ ባቡሩ የሚያፏጭበት ዘመን ነው፣ በቃ። ፉጨቱ ሰዓታችን ነበር። የቀኑ ባቡር ሲያፏጭ ምሳ ይቀርባል፤ እሱ ከዘገየ ምሳውም ይዘገያል፤ ባል ቢቆጣ ጥፋቱ የባቡሩ ነው። ጣቢያው በር ላይ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአምስት ሳንቲም ይሸጣል። ከድሬዳዋ የሚመጡት ሴቶች ከላይ ብርቱካንና ሎሚ፣ ከሥሩ ደግሞ ፈታሽ ያላየውን የናይለን ሸሚዝና ሽቶ ይዘው ይወርዳሉ። ከሠርጋችን በኋላ ታደሰ የገዛልኝ ቀይ የቴትረን ቀሚስ ከብርቱካን ሥር የወጣ ነው፤ ባጥበው ባጥበው የብርቱካኑ ሽታ አልለቅ ብሎት ቀረ። እሱን ለብሼ፣ ጸጉሬን አፍሮ አበጥሬ፣ ታደሰም ከታች እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ሱሪውን ለብሶ እሁድ እሁድ ጣቢያው ፊት ለፊት ካለችው ቡና ቤት እንቀመጥ ነበር። ቡና ቤቷ አንድ የክራር ሸክላ ነበራት። መርፌው አንድ ቦታ ሲደርስ ይዘልና ዘፋኙ ስለ ልጅቷ ዓይን ጀምሮ ሳይጨርስ ወደ ተረከዟ ይወርዳል። መሃሉ ላይ ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። የአባቴ የአቶ ገመቹ መሬት ከጣቢያው ወደ ዱከም በኩል ሐዲዱን ተከትሎ ነበር፤ ዛሬ ቆርቆሮ ጣሪያ መጋዘን ተሰልፎበታል። አባባ ታደሰን ሲያዩት ደስ አላላቸውም። አገሩ ወዲያ ማዶ፣ ዘመዱ አይታወቅ፣ እጁ ሁልጊዜ ጥቁር። «ብረት ሲፍቅ የሚውል ሰው እህል ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ። «መብላቱን ያውቃል፣ አባባ» ብላቸው ሊስቁ ፈልገው ፊታቸውን አዞሩ። ሁለቱን ያዋደዳቸው እኔ አይደለሁም፤ ጠመንጃ ነው። አባባ አንድ አሮጌ ምንሽር ነበራቸው። ከአባታቸው የወረሱት፣ ሰደፉ በእጅ ላብ የወዛ፣ እንግዳ ሲመጣ ከግድግዳው ወርዶ የሚታይ ነው። ጥይቱ ግን ከገበያ ጠፋ። አለኝ የሚል ቢገኝም እንደ ወርቅ ነው የሚሸጠው። አባባ ታዲያ የተተኮሰበትን ባዶ ቀለህ ሁሉ በከረጢት ያስቀምጡ ነበር። አንድ ቀን ታደሰ ከረጢቱን አይቶ «ይህን እኮ መልሶ መሙላት ይቻላል» አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ «ያ እጀ ጥቁር» ማለት ትተው «አማቼን አይታችሁታል?» ማለት ጀመሩ።

መሙላቱን ያስተማሩት እኒያ ጣሊያን ናቸው፤ በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ። የግራ ዓይናቸው የብርጭቆ ነው። ሲቆጡ እውነተኛው ዓይን ይንቀለቀላል፣ የብርጭቆው ግን ዝም ብሎ ያያችኋል፤ እኔ የምፈራው ዝም ያለውን ነበር። ያንን ዓይን ያጠፋባቸው ራሳቸው የሞሉት ጥይት ነው። ታደሰ እንደነገረኝ፣ ቀለህ በተተኮሰች ቁጥር በእሳቱ ግፊት አንገቷ እየተሳበ ትረዝማለች፤ ስለዚህ ዳግም ከመሞላቷ በፊት ትርፉ ተሞርዶ መቆረጥ አለበት። ምን ያህል ይቆረጥ የሚለው ነው ጉዳዩ። ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ ታደሰ የጠመንጃው ጉሮሮ ይለዋል። ቀለህዋ ከጉሮሮው ከረዘመች ከፊት ያለው ጠባብ ቦታ አንገቷን ይጨመድደዋል፣ አንገቷ ደግሞ የሚወረወረውን እርሳስ አንቆ ይይዘዋል፤ ባሩዱ ወደ ፊት መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ይመጣል። ከኋላ ያለው የተኳሹ ፊት ነው።

የሁሉም ጠመንጃ ጉሮሮ ደግሞ አንድ አይደለም። ታደሰ አንድ ባዶ ቀለህ ወስዶ አንገቷን በደንብ ያሳጥርና አፏ ላይ በቶርኖ ያወጣትን የናስ ዘንግ ጠበቅ አድርጎ ይሰካባታል። ያንን ለጠመንጃው ያጎርሰውና መዝጊያውን በጣቱ ቀስ እያለ ይገፋል። ዘንጓ ከጠባቡ ቦታ ጋር ስትገናኝ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ሲያወጣት የቆመችበት ቦታ የጉሮሮውን ልክ ይናገራል። በካሊብሮ ይለካና ቀለሆቹን ከዚያ ትንሽ አሳንሶ ይቆርጣል። የአባባ ምንሽር ጉሮሮ ረጅም ሆኖ ተገኘ፤ በአያቴ ጊዜ የጠገነው ሰው አለቅጥ ፍቆት ኖሯል። «ችግር የለም፣ እንደ ልኩ አለብሰዋለሁ» አለ ታደሰ። አባባም አማቼ ለጠመንጃዬ ልብስ ሰፋለት እያሉ ለመንደሩ ያወሩ ነበር።

አሁን ወደ አቶ ጉደታ ልምጣ። አቶ ጉደታ ድንበርተኛችን ናቸው፤ ከአባባ ጋር በአንዲት የውሃ ቦይ የተነሳ ዓመታት ተኳርፈዋል። ቦይዋን ብታዩዋት አህያም ትዘላታለች። ግን በሷ ሰበብ ወንድሜ ተፈንክቷል፣ የእነሱ በሬ ታርዷል፣ ሴቶቹም ወንዝ ስንወርድ ሰላምታ አንለዋወጥም ነበር። አንድ የክረምት ማብቂያ ላይ ሽማግሌ ገባ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ዋቅጅራ የሚባሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ግን ሲናገሩ ሰው ትንፋሹን የሚይዝላቸው አዛውንት ነበሩ። ቦይዋን አካፈሉ፣ ካሳውን ወሰኑ፣ መጨረሻ ላይም «ጠመንጃችሁን ተቀያየሩ» አሉ። «እስከ ፋሲካ የሱ ካንተ ጋር፣ ያንተ ከሱ ጋር ይቆይ። በሰው ጠመንጃ ባለቤቱን የሚገድል መሬት አትቀበለውም። እሁድ ከብት ይታረድና እያንዳንዳችሁ በተቀበላችሁት ጠመንጃ ሰማይ ላይ አንዳንድ ተኩሳችሁ እርቁን አሰሙ።» የአቶ ጉደታም ጠመንጃ ምንሽር ነው፤ ከሩቅ ቢያዩት መንታ ነው የሚመስል። ጥይት ግን አልተለዋወጡም። እኛ ዘንድ ጠመንጃ በአደራ ይሰጣል፣ ጥይት አብሮ አይሰጥም፤ አብሮ መስጠት በለው ብሎ እንደመላክ ይቆጠራል። ስለዚህ አባባ የአቶ ጉደታን ምንሽር ትከሻቸው ላይ፣ የራሳቸውን ዝናር ወገባቸው ላይ አድርገው ወደ ቤት ተመለሱ። እኔ ለድግሱ ሽንኩርት እየላጥኩ አየኋቸው። እንባዬ የሽንኩርት ይሁን የደስታ እንጃ።

እሁድ ጠዋት እናቴ ብርሌ አነሰ ብላ አቃቂ ላከችኝ፤ በዚያው ባልሽንም ይዘሽው ነይ አለች። ታደሰ በጥድፊያ ሥራ ምክንያት ጋራዥ ገብቶ ነበርና ስደርስ እጁን በላምባና በሳሙና ይታጠባል። እኔም የሰማሁትን ሁሉ እንደ ጉድ አወራለታለሁ፤ ስንት በግ እንደታረደ፣ እነማን እንደመጡ፣ የአቶ ጉደታ ሚስት እናቴን አቅፋ እንዴት እንዳለቀሰች። «ጠመንጃቸውንም ተቀያየሩ፤ ዛሬ አባባ በጉደታ ጠመንጃ ይተኩሳሉ» አልኩት።

እጁ ሳሙናው ላይ ቀረ።

«በየትኛው ጥይት?» አለኝ።

«በራሳቸው ነዋ! ዝናራቸውን እንደታጠቁ ናቸው።»

«ከኔ ጥይት ሌላ ምን አላቸው?»

«ምንም። ምን ሆንክ?»

«የአቶ ጉደታን ጠመንጃ ለክቼው አላውቅም» አለ። «የአባባ ጥይት ለረጅም ጉሮሮ የተቆረጠ ነው። ያኛው እንደማንኛውም ምንሽር ከሆነ ይረዝምበታል። አባባ ደግሞ ጉልበተኛ ናቸው፤ እንቢ ቢላቸው በመዳፋቸው መትተው ይዘጉታል።»

ጣሊያኑ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። አንድ ቃል ሳይናገሩ ጣታቸውን አንስተው የብርጭቆ ዓይናቸውን ነካ አደረጉ። ብርሌዎቹን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ።

ታደሰ ከኋላዬ ደርሶ ክንዴን ያዘኝ። በእግር አንደርስም። ጣቢያው ጋ ሐዲድ ጠጋኙ ጓደኛው በቀለ ትሮሊውን ሐዲዱ ላይ አቁሞ ቦምቦሊኖ ይበላል። ትሮሊ ማለት አራት ጎማ ያላት ጣውላ ናት፤ ጠጋኞቹ እየገፉ ብሎንና መዶሻ ያመላልሱባታል። ታደሰ ነገሩን በሁለት ቃል ነገረው። በቀለ ሐዲዱን ግራና ቀኝ አየና «ባቡር ቢመጣስ?» አለ። «መቼ በሰዓቱ መጥቶ ያውቃል?» አለው ታደሰ። በቀለ የቀረውን ቦምቦሊኖ አፉ ውስጥ ከትቶ ትሮሊውን ያዘ። እኔ ቀይ ቀሚሴን ሰብስቤ ጣውላው ላይ ተቀመጥኩ፤ ሁለቱ ሮጥ ሮጥ እያሉ ይገፋሉ፣ ሲፈጥን ይንጠለጠላሉ። ከብት ጠባቂዎች ሙሽራ ነች ብለው እጃቸውን አውለበለቡልኝ። እኔ ድፍን የአቃቂን ሜዳ በዚያች ጣውላ ላይ ስሻገር የማየው የአባቴን ፊት ነው።

«ምን ብለን ነው የምናስቆማቸው?» አለኝ ታደሰ እያለከለከ።

«ጠመንጃው ይፈነዳል እንላለና!»

«የማን ጠመንጃ ነው የሚፈነዳው? የጉደታ። ማን ምን አደረገበት አይባልም? ወንድሞችሽ ስለ ቀለህ ርዝመት ቆመው የሚሰሙሽ ይመስልሻል?»

እውነቱን ነው። የባሰው ደግሞ ይኸው ነበር። አባባ በተኮሱበት ቅጽበት ጠመንጃው ፊታቸው ላይ ቢፈነዳ ዓይናቸው መጥፋቱ ብቻ አይደለም። በእርቅ ቀን ጉደታ የሰጠው ጠመንጃ ገመቹን በላው ይባላል፤ ያንን የሚያምኑ ጎረምሶች ደግሞ እዚያው ዱላና ጦር ይዘው ተቀምጠዋል። ለመፈንዳቱም ለመጋደሉም ያቺ አንድ ቀን ትበቃ ነበር። ቢፈነዳም ይፈነዳል ብለን ብንጮህም ያው ነው፤ እርቁ ይፈርሳል። በቀለ መግፋቱን ሳያቆም «እኔ እንጃ፣ ብቻ ቶሎ እንድረስ» አለ።

የሠፈራችን ባሕር ዛፎች መታየት ሲጀምሩ ተኩስ ተሰማ። አንድ ብቻ። ታደሰ ትሮሊውን ለቆ ቆመ። በቀለ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ የጮህኩ ይመስለኛል፤ ታደሰ አልጮህሽም ይላል፣ በዚህ እስካሁን እንከራከራለን። ከዚያ እልልታ ተሰማ፤ ብዙ እልልታ። ሰው ሲሞት እልል አይባልም። ዘልዬ ወረድኩና በማሳው መሃል ቀጥ ብዬ ሮጥኩ፤ የኮንጎ ጫማዬ አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀረ፣ ዞሬም አላየሁት።

የተኮሱት አቶ ጉደታ ነበሩ። በዕድሜ ታናሹ ይጀምር ተብሎ ቅድሚያው የሳቸው ሆኗል። የእሳቸው ጥይት አጭር፣ የአባባ ጠመንጃ ጉሮሮ ረጅም፤ ምንም አልሆኑም፣ ከጭሱ መሃል ቆመው ይስቃሉ። አሁን ተራው የአባባ ነው። በድንኳኑ ፊት ቆመዋል፣ ነጭ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻ መልሰዋል፣ ጠመንጃውን አጉርሰው መዝጊያው እንቢ ብሏቸዋል። «ምነው ጉደታ፣ ጠመንጃህ እንዳንተ ግትር ነው?» ይላሉ፤ ሰው ይስቃል። በመዳፋቸው አንድ ጊዜ መቱት። ደገሙት። ሁለተኛው ላይ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አነሱ፣ ጉንጫቸውን ሰደፉ ላይ አስደገፉ።

ምን እንደምል አላሰብኩም። አፌ ነው ያሰበው።

«አባባ፣ እንዳይተኩሱ! ነፍሰ ጡር ነኝ!»

እኛ አገር ነፍሰ ጡር ባለችበት ጠመንጃ አይተኮስም፤ ፅንሱ ይደነግጣል ይባላል። የትኛውም ፎካሪ ቢሆን ይህን ሲሰማ አፈሙዙን ያወርዳል። እኔ ደግሞ ካገባሁ ዓመታት አልፈዋል፣ ልጅ የለኝም፣ ወንዝ ዳር ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። አባባ ጠመንጃውን ቀስ ብለው አወረዱት። በአንድ እግር ጫማ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ስቆም አዩኝ። «እውነት?» አሉኝ። ዓይናቸው፣ ሁለቱም ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እውነት» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ከዚያ በኋላ የሆነውን እልልታ ተዉት፤ የእርቁን እልልታ አስናቀው። እናቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አቶ ዋቅጅራ በዚያ በማይሰማ ድምፃቸው «እርቁን ከተኩስ የሚበልጥ ነገር አሰማው» አሉና መረቁን። ታደሰ እያለከለከ ሲደርስ ሰዉ ተረባርቦ ይስመው፣ ጀርባውን ይመታው ጀመር። አባት ልትሆን ነው አሉት። እኔን አየኝ፤ እኔም አየሁት። እግዜር ይስጠው፣ ባሌ ቶርኖ ላይ ብቻ አይደለም ፈጣኑ። «አዎ፣ እሱን ልነግራችሁ ነበር የምሮጠው» አለ። ወዲያው አባባን ጠጋ ብሎ «ጥይት እንደጎረሰ ከቆየ ልጆች ይነኩታል፣ እኔ ላውጣው፤ ዝናሩንም ይስጡኝ፣ ዝገት ይዞታል፣ ላጽዳልዎት» አላቸው። አባባ ያን ቀን ቤታቸውን ቢለምናቸውም ይሰጡት ነበር። ከጎተራው ጀርባ ሄዶ መዝጊያውን በጭንቅ ከፈተና ጥይቷን አወጣት፤ አንገቷ ላይ ዙሪያውን የተጨመደደ ምልክት ነበረባት። አሳየኝና ኪሱ ከተታት። እዚያው ጎተራው ሥር ቁጭ ብለን ሁለታችንም አለቀስን።

ታደሰ ሁሉንም ቀለህ አጭሩ ጉሮሮ በሚችለው ልክ ደግሞ ቆረጠ። ለአጭሩ የሚሆን ለረጅሙም ይሆናል፣ ቀድሞ አለማሰቤ ነው እያለ ራሱን ይወቅስ ነበር። አጭሩንም ለመለካት አባባን የአቶ ጉደታን ጠመንጃ ላጽዳ ብሎ ተቀብሏቸው ጋራዥ አምጥቶት ነበር። በዚያ ሰሞን በገበያ ቀን አቶ ጉደታ ጋራዡ ድረስ መጡ፤ ለካ የራሳቸው ጠመንጃ ሞርሳው አጠገብ ተኝቶ ሊያዩት ነው። እኔ የታደሰን ምሳ ይዤ ደርሻለሁ።

«ታደሰ፣ ጠመንጃዬ ምን አድርጎ ነው ሐኪም ቤት የገባው?»

ታደሰ መዋሸት ቢያምረውም ያን ቀን ከኔ ጋር የዋሸው ይበቃው ነበር። ሁለቱን የናስ ልኮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆመላቸው፤ የአባባ ይኸው፣ የእርስዎ ይኸው። በሁለቱ መሃል ያለው የጥፍር ውፍረት ቢሆን ነው። ከኪሱም ያችን አንገቷ የተጨመደደ ጥይት አወጣ። ጣሊያኑ ከወዲያ በጣታቸው የብርጭቆውን ዓይን ጠቆሙ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። አቶ ጉደታ በርሜል ላይ ተቀመጡ። ጥይቷን እጃቸው ላይ አገላበጧት።

«ይቺ ጥፍር የምታክል ነገር ስንት ሬሳ ነበረች?» አሉ። «ገመቹ በእኔ ጠመንጃ ሞቶ ቢሆንስ? ማን ያምነኝ ነበር? እኔስ ራሴን አምን ነበር?» ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «ታዲያ እርግዝናውስ?»

መሬት መሬት አየሁ።

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ በርሜሉ። እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። «ሚስቴ ቅቤ አንጥራ ልካልሻለች እኮ!» አሉ። «እንግዲህ ልጁን ፈልጉት። እኔ ቅቤዬን አላስመልስም።» ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «ለገመቹ እንዳትነግሩት» አሉን፤ «የጉደታ ጠመንጃ ሊበላኝ ነበር ማለት ይጀምራል። ሰው የሰማውን መልሶ መትፋት አይችልም።» እሳቸው እንዳሉት አደረግን፤ ለአባባ አልተነገራቸውም።

ልጁን ግን መፈለጉ ጊዜ ወሰደ። ወሩ ይገፋል፣ ሆዴ ግን እንደ ቶርኖ ጠረጴዛ ዝርግ ነው። የአቶ ጉደታ ሚስት ቅቤ ትልካለች፣ እኔ እያፈርኩ እበላለሁ፤ ከእርጉዝ በላይ ወፈርኩ። ለእናቴ እውነቱን ስነግራት በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች፣ ቀጥሎም «ዝም በይ፣ እግዜር ዋሽተሽ አያስቀርሽም» አለችኝ። እውነተኛው እርግዝና ሲመጣ የሰፈሩ ሴቶች ጣታቸውን አጥፈው መቁጠር ትተው ነበር። አንዲት አሮጊት «የባቡር ሰው ልጅ ነው፣ ይዘገያል» አለችና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ታደሰ የባቡር ሰው አለመሆኑን ማንም አላነሳ፤ ሐዲድ አጠገብ የሚኖር ሁሉ ለገበሬው የባቡር ሰው ነው። ልጁ ወንድ ነበር። ክርስትና አባቱ ማን ይሁን ሲባል አቶ ጉደታ ቅልጥማቸውን እያሹ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተነሱ። «እኔ ነኝ። ይህ ልጅ ሳይወለድ ሰው አድኗል» አሉ። አባባ እርቁን ማለታቸው መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔና ታደሰ አልተያየንም፤ ብንተያይ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንስቅ ነበር። ስሙን ዘገየ ብለን አወጣነው። ዛሬ ቃሊቲ አካባቢ የራሱ ጋራዥ አለው፤ ቀጠሮ ላይ ሲያረፍድ ስሜን ማን አወጣልኝ ይላል።

ያ ሁሉ አልፎ አሁን ከበረንዳችን የሚታየው ፎቅ በፎቅ ነው። አዲሱ ባቡር ያልፋል ይላሉ፣ እኔ ፉጨቱን ካልሰማሁ አለፈ አልልም። በአሮጌው ጣቢያ ሣር በቅሏል፤ ሐዲዱ መሃል በግ ይግጣል። ጠመንጃዎቹንም ኋላ መንግሥት ሰበሰባቸው፤ አባባ የራሳቸውን አቶ ጉደታም የራሳቸውን ይዘው አብረው ሄደው አስረከቡ፣ ሲመለሱም በመንገድ ላይ አንድ ጠላ ቤት ገብተው አመሹ። ቦይዋን በተመለከተ ዳግም አልተጣሉም ብል ውሸት ይሆናል፤ በየክረምቱ ይጨቃጨቁ ነበር። ግን እየተጨቃጨቁ አብረው ነው የሚጠርጓት። ታደሰ አንዳንዴ ሌሊት ሲነቃ ያልለካሁትን ጠመንጃ በሕልሜ አየሁ ይለኛል። ተኛ፣ አልፏል እለዋለሁ። እኔም ያን ቀን ሳስበው የሚመጣብኝ ፍርሃቱ አይደለም፤ ጎተራው ሥር ተቀምጠን ያለቀስንበት ያ እፎይታ ነው።

አባባ አርጅተው፣ ዕድሜ ጠግበው፣ በአልጋቸው ላይ ነው ያረፉት። መጨረሻቸው ሲቃረብ አቶ ጉደታ በከዘራ እየተደገፉ ይመጡና ራስጌያቸው ይቀመጣሉ፤ ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ አንዳንዴም ስለ ቦይዋ። ያን ጠዋት ትንፋሻቸው ሲያልፍ ወንድሞቼ ሁሉ እዚያው ነበሩ። የሟችን ዓይን የሚከድን የሥጋ ዘመድ ነው፤ ታላቅ ወንድሜም ጎንበስ ሊል ሲል አቶ ጉደታ «እባክህ፣ ለኔ ተውልኝ» አሉት። ወንድሜ ምክንያቱን አያውቅም፤ ቢሆንም ፈቀቅ አለላቸው። አባባ ዓይናቸው እንደተከፈተ ነበር። አቶ ጉደታ እጃቸውን ሰደዱና መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን ከደኑላቸው።